ያለ ጨው ያለፈ ሁዳዴ

የካቲት 9፣ እሑድ

አክስት ሆንኩ! ከሆንኩ እንኳ ሰንብቻለሁ፤ ስልክ ስለማይሠራ አልሰማሁም እንጂ። ከአምበር ጤፍ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ሱቄ በር ላይ ቆሞ «የመምህር ይስማው እህት እርስዎ ነዎት? የኔአለም በጥር መጨረሻ ሴት ልጅ ተገላግላለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» ሲለኝ፣ ሚዛን ላይ የነበረውን በርበሬ እንዳለ ለገዢዋ ገለበጥኩላት። «ምርቃት ነው፣ ሂጂ» አልኳት። ለሴት ልጅ እልልታው ያንሳል ይላሉ፤ እኔ የሴቱንም የወንዱንም ጨርሼ ድምፄ ተዘጋ።

ይስማው ከትምህርት ቤት ሲመጣ ነገርኩት። ከነቦርሳው ደጃፉ ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እታለም፣ እኔ አባት?»

«እና ማን ይሁን?» አልኩት።

ሳቅን፣ አለቀስን። ሄለን ልጄ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ እንዲህ ያለውን የምነግረው ይኼን ደብተር ነው፤ ባሌማ ነፍሱን ይማረውና ድሮም አያዳምጠኝም ነበር።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት አባት ቤት ነው የሚወለደውና የኔአለም ከገና ጀምሮ አምበር፣ አባቷ አያ ገዳሙ ዘንድ ናት። ክርስትናው በሰማንያ ቀኗ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ይስማው የኔ ነው። የሚበላው ከኔ ድስት፣ የሚውጠው ከኔ እጅ።

ስለሚውጠው ነገር ልጻፍ። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ደብረ ማርቆስ ሲያስተምር፣ እንቅልፍ አጣ። ሰነባብቶ አንድ ሌሊት ተነሥቶ «የጨሞጋን ወንዝ ወደ ከተማው አዞረዋለሁ» ብሎ ብቻውን ቦይ ሲቆፍር ነጋ። የጂኦግራፊ መምህር ነዋ! መዳፉ ተልጦ፣ እየዘፈነ፣ ደስታው ለከት አጥቶ። ሆስፒታል ስንወስደው «አገርህ የት ነው?» አሉት። «አማኑኤል» ሲል፣ የአዲስ አበባውን የአእምሮ ሆስፒታል ያለ መስሏቸው ተሳሳቁ። ከተማችን ስሟ አማኑኤል ናት፤ ምን እናድርግ። ሊቲየም የሚባል መድኃኒት ጀመሩለት፤ ሄለን ከአዲስ አበባ ትልክልናለች። ከዚያ ወዲህ ይኸው ሰው ነው። አስተማረ፣ አገባ፣ ወለደ። የአእምሮ ክፍሏ ነርስ ሲስተር ሰልማ ያለችኝን እንደ ውዳሴ ማርያም ነው የምደግመው፦ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። አላቋረጥንም። የመድኃኒቱ ሣጥን ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው።

የቀረን ቆዳው ብቻ ነው።


የካቲት 13

ቆዳው። ዐምና በክርኑ ላይ ጀመረ። ቀይ ሆኖ ላዩ ነጭ ቅርፊት፤ ሲያኩት እንደ ዓሣ ቅርፊት ይረግፋል። አሁን ጉልበቱን ይዞ፣ የእጁን ጀርባ ይዞ፣ በፀጉሩ ዳር ብቅ ብሏል። ጠዋት አንሶላውን ሳራግፍ ዱቄት ይወድቃል። ሰው ሳያየኝ ነው የማራግፈው።

ቧንቧ ላይ ሴቶቹ ስም አወጡለት። አንዷ ጭርት፣ አንዷ ችፌ፣ አንዷ የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው አለች። አንዷ ምንም አላለችም፤ ጣቶቿን አጥፋ አሳየቻቸው። ሥጋ ደዌ ማለቷ ነው። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

አያ ገዳሙ በገና ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው ይስማውን በእጅ አልጨበጡትም። ትከሻውን ነክተው አለፉ። ሲወጡ አብሯቸው ለመጣው ሰው ሲያወሩ ሰምቻለሁ፦ «የራሱ ሕመምስ ዳነለት አሉኝ፤ ይቺ እጅ ግን የልጅ ልጄን ልትታቀፍ ነው?»

እኔም ከጆሮዬ ኋላ ያሳክከኛል። የበርበሬ አቧራ ነው።


የካቲት 16፣ የቅበላ ዕለት

ጎረቤቴ ጥሩነሽ መጣች። ሥጋ እየቆረጥን አወራን። ጥሩነሽ ካወራች እኔ እንኳ ተራ አላገኝም።

«ወሰንዬ፣ በሞቴ ጨው ከልክይው። የባሌ ወንድም ችፌው እግሩን ሊጨርሰው ነበር። አንድ ሁዳዴ ጨው ትቶ ቆዳው እንደ ሕፃን ወጣ።»

«ይስማው? ጨው የሌለው ወጥ? ከነድስቱ ነው የሚወረውርብኝ።»

«ታዲያ ማን ንገሪው አለሽ? አንቺ የባልትና ሴት አይደለሽ? ምላሱን አታልዪው!»

እንዲህ ስትለኝ፣ እውነቱን ልጻፍ፣ ደስ አለኝ። ሰው ለወንድሙ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ ጭንቅ ነው። ይኼ ደግሞ በእጄ ያለ ነገር ነው። ሽታ አውቃለሁ፣ ቅመም አውቃለሁ። አማኑኤል ውስጥ ምላስ ማታለል የሚችል ካለ ወሰንየለሽ ናት።

ክርስትናው እስኪደርስ እጁ ይጠራል። አያ ገዳሙ በእጅ ይጨብጡታል።


የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ገባ። ይስማው «ለልጄ ስል ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ» አለ። ውኃም አይቀምስም። ሌላ ጊዜ በመድኃኒቱ ምክንያት ይፈቀድለት ነበር። ዘንድሮ እኔም ዝም አልኩ። ጾሙም ይርዳው ብዬ።

የመጀመሪያው ሽሮ ቀረበ። ሽንኩርቱን ከወትሮው አብዝቼ አቁላልቼ፣ በሶብላ፣ ጦስኝ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ ጠብ። ጨው ቅንጣት የለም። የኔን ለብቻ አወጣሁ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አድርገሽበት ነው?» አለ። 

«ምነው?»

«ይጣፍጣል።»

ጓዳ ገብቼ ብቻዬን ሳቅሁ።


የካቲት 24

የክርኑ ቅላት ቀነሰ። ወይም መሰለኝ። ጥሩነሽ «ቀንሷል» አለች። ይስማውን ስጠይቀው «ኧረ እንደነበረ ነው እታለም» አለ። የራሱን ክርን ከኋላ ሆኖ ምኑን ያያል!


መጋቢት 3

ተማሪ ናት የነገረችኝ፣ ሚጥሚጣ ልትገዛ መጥታ። «ቲቸር ዛሬ ካርታ ሲሥሉ አባይ ተንቀጠቀጠ» አለች። ልጆቹ ሳቁ አሉ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ሲመጣ ብርጭቆውን ሲያነሣ አየሁ፤ ውኃው ይፈሳል።

ድሮም እጁ ትንሽ ይርዳል፤ የመድኃኒቱ ነው ብለውናል። ይኼ ግን ትንሽ አይደለም።

ጾሙ አድክሞት ነው።


መጋቢት 7፣ እሑድ፣ መጻጉዕ

ቅዳሴ ሄድን። ሰባኪው ስለዚያ ለሠላሳ ስምንት ዓመት አልጋው ላይ ስለኖረው ሰው ነገሩን። «ልትድን ትወዳለህን?» ሲል ይስማው አንገቱን ደፋ። ስንወጣ ደረጃው ላይ እግሩ ተሳከረ፤ አንዴ ወደኔ፣ አንዴ ወደ ግንቡ። ከኋላችን አንዱ፦

«በሁዳዴ ሰክሮ? ከቅዳሴ? መምህር ተብዬው!»

ሌላው፦ «ተው ባክህ፣ ያ ነገር ተነሥቶበት ይሆናል።»

ያ ነገር! ዞሬ «ያ ነገር ምንድን ነው? ስም የለውም?» ልል ነበር። አፌ ደረቀ። እኔ! የኔ አፍ!

ቤት ገብተን «ሰው ፊት እንዲህ ትንገዳገዳለህ?» ብዬ ተቆጣሁት። ለምን ተቆጣሁት? «እግሬ የኔ አልመስል አለኝ» አለ ቀስ ብሎ። ቃሉ ይጎተታል። አፉ ውስጥ ቆሎ የያዘ ይመስላል።

ሲነሣበት እንዲህ አልነበረም። ያኔ ይፈጥናል፣ ይበርራል፣ ዓይኑ ይነድዳል። አሁን እየከበደ፣ እየዘቀጠ ነው። በሽታው መልኩን ቀይሮ መጣ እንዴ? ዛሬ ማታ መድኃኒቱን ስሰጠው ሁለቴ አረጋገጥኩ። ልክ ነው። አላቋረጥንም እኮ! አላቋረጥንም።


መጋቢት 9

ሆዱ ተበጠበጠ። ያስመልሰዋል። ምስር ወቀጥኩ፣ ቀጭን አጥሚት ሠራሁለት። ያለ ጨው። ቆዳው እየተሻለ አሁን ማበላሸት የለብኝም። መንገድ ዝግ ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ መኪና የለም ይላሉ።

ጥሩነሽ መጥታ ከበሩ ሳትገባ «ጸበል ርጪው» አለች። ለምን ከበሩ?


መጋቢት 10

«የት ነን?» አለኝ። ቤቱ ነው። አልጋው ላይ ነው።
ስሜን ጠራ፤ ደግሞ በእናታችን ስም ጠራኝ።
የፊቱ ሥጋ ይርገበገባል፣ ትከሻው ይርገበገባል።
ባጃጅ የለም። አምቡላንሱን ጤና ጣቢያው ይልክልሻል አሉኝ።
እመቤቴ።


መጋቢት 11፣ ሐሙስ፣ ደብረ ማርቆስ

ደረስን። መንገዱ ለአምቡላንስ ተከፈተ። ሦስት ቦታ አስቆሙን፤ አንዱ ፈታሽ ይስማውን አየና «ቶሎ ሂዱ» አለ።

ወጣት ሐኪም ነው የተቀበለን። ጉልበቱን መታ መታ አደረገ፣ ዓይኑን በባትሪ አየ፣ ስለ መድኃኒቱ ጠየቀ። ደሙን ወሰዱ፤ የሊቲየሙ ልክ የሚታየው ባሕር ዳር ስለሆነ ውጤቱ ይቆያል አለ። «እስኪመጣ አንጠብቅም፤ ምልክቱ የመድኃኒት መመረዝ ነው» አለኝ።

«መመረዝ? ማን መረዘው?»

«መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሆኗል፣ እናቴ። ብዙ ውጦ ይሆን?»

«ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው!» ብዬ አወጣሁና አሳየሁት።

ቁልፉን አየ፣ እኔን አየ። «አንዳንዴ ሕመምተኞች ሳይነግሩ ያጠራቅማሉ» አለ። በጣም ቀስ ብሎ ነው ያለው። ቀስ ማለቱ ነው ያስፈራኝ። ራሱን ሊያጠፋ ነው ማለቱ እኮ ነው።


እዚያው፣ መጋቢት 12

ስልክ ተለቀቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ! መጀመሪያ የገባው የአያ ገዳሙ ነው። ወሬው ከኛ በፊት አምበር ደርሷል።

«ወይዘሮ ወሰን፣ እውነት ነው? መድኃኒት ጠጣ የሚሉት?»

«ኧረ አያ ገዳሙ፣ ሐኪም ገና...»

«ራሱን የሚጠላ ሰው ልጅ አያሳድግም። የኔአለም እዚሁ ትቀመጣለች። ልጅቷንም እኔ ክርስትና አስነሣታለሁ። እግዜር ይማረው።»

ከኋላ የኔአለም ስታለቅስ ይሰማኛል። ሕፃኗም። የወንድሜን ልጅ ድምፅ የመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እንዲህ ነው።

ከሰዓት ሲስተር ሰልማ መጣች። ሻሽዋን አስተካክላ አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ወላጆቿ ቁይ ከተማ ናቸው፣ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሁልጊዜ ስለ ገበያ እናወራ ነበር። ዛሬ አላወራንም።

«ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ በዚህ ሰሞን የተለወጠ ነገር አለ? ሌላ ክኒን? የራስ ምታት?»

«የለም።»

«ይጾማል?»

«እስከ ዘጠኝ።»

ደስ እንዳላላት ከፊቷ አየሁ። ጻፈች። «አመጋገቡስ? ጨው ይበላል?»

«የባልትና ነጋዴ ቤት ጨው ይጠፋል?» አልኳት። ፈገግ አለች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ውሸት አልተናገርኩም፤ ጥያቄ ነው የጠየቅኳት። ቤቴ ጨው ሞልቷል። ማዳበሪያ ሙሉ አለ። ለምን ስለ ጨው ጠየቀችኝ? ጨው ከራስ ጋር ምን አገናኘው? ለቆዳው ነው እኮ የተውኩት። እሷ የአእምሮ ነርስ ናት፣ የቆዳ አይደለችም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው።

ለየብቻ ናቸው አይደል?


መጋቢት 13

በክንዱ በኩል ከላይ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ የሚለው ከረጢት አለቀ። ነርሷ ሌላ ሰቀለች። አፌ አያርፍምና «ይኼ ምግብ ነው መድኃኒት?» አልኳት።

«ጨው ያለው ውኃ ነው» አለች። «የጎደለውን እየሞላን ነው።»

የጎደለውን።

ተነሣሁ። እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ኮሪደሩን ጨርሼ፣ የአእምሮ ክፍሉን በር ሳላንኳኳ ገፍቼ ገባሁ። ሲስተር ሰልማ ከአንዲት እናት ጋር ነበረች።

«ጨው የለውም» አልኳት። «የሰጠሁት ሁሉ ጨው የለውም። ጾሙ ከገባ ጀምሮ። ለቆዳው ብዬ ነው። እሱ አያውቅም። ደብቄው ነው። አላጠራቀመም፣ አልጠጣም፣ ራሱን አልጠላም!»

ያቺ እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። ሲስተር ሰልማ አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ሰጠችኝ።

«ይኼ መድኃኒትና ጨው በሰውነት ውስጥ መንገዳቸው አንድ ነው» አለችኝ። «ጨው ሲጠፋ ኩላሊት መድኃኒቱን እንደ ጨው ቆጥሮ አልለቅም ይላል። ውኃም ሲያንስ እንደዚያው። እርስዎ የሰጡት ክኒን ልክ ነው፤ መውጫ አጥቶ ነው የተጠራቀመው። ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር፣ ጨውም ውኃም እንዳይቀንስ።»

እኔ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። እንዳያቋርጥ።

«ባይነግሩኝ ኖሮ» አለች፣ ዓይኗን ከኔ ሳታነሣ፣ «አድነን ወደዚያው ቤት፣ ወደዚያው ሽሮ እንመልሰው ነበር።»

ይኼን ዓረፍተ ነገር ልረሳው እሞክራለሁ። አልቻልኩም።


መጋቢት 16

ስሜን በትክክል ጠራ! «እታለም» አለ፤ ውኃ ለመነኝ፣ ሳይፈስ ጠጣ። ተመስገን ተመስገን ተመስገን። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ ከዚያ የማላውቃቸውን አስታማሚዎች ዳቦ ጋበዝኩ።

የቆዳ ሐኪም አየው። በመርፌ ጫፍ ቁስሎቹን ነካ ነካ አደረገ፤ ይስማው ሁሉም ቦታ ተሰማው። «ሥጋ ደዌ አይደለም፤ አይተላለፍም» አለ። ሶሪያሲስ ይባላል። በዘር የሚሄድ ዝንባሌ አለው፣ ጭንቀት ይቀሰቅሰዋል፣ አንዳንድ መድኃኒትም ይቀሰቅሰዋል። ከነዚህም አንዱ ሊቲየም ነው።

እኔ አፌን ስከፍት ይስማው አልደነገጠም።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት ሐኪሙ ሲወጣ።

«ዐምና አንብቤ ደርሼበታለሁ።»

«ታውቅ ነበር! ለምን አልነገርካት ለሲስተር?»

«ይቀይሩብኛላ። ሌላው ባይይዘኝስ? የኔአለም እርጉዝ ነበረች። ቆዳዬን ሰጥቼ ልቤን ልያዝ ብዬ ነው። ዋጋው ይኼ ከሆነ ርካሽ ነው ብዬ።»

 እሱ አስቦበት የከፈለውን እኔ ላስመልስለት ብዬ ነው የገደልኩት። ልገድለው የደረስኩት። የጨውን ነገር የነገረችው ሲስተር ሰልማ ናት፤ እኔ ጀምሬ አልጨረስኩትም። ሰማና ግድግዳውን አየ። ቆይቶ፦

«ይጣፍጥ ነበር እኮ» አለ።

ስድብ ይሁን ምስጋና አላወቅሁም።


መጋቢት 25

አማኑኤል፣ ቤታችን። ሊቲየሙ ቀረ። ሌላ መድኃኒት፣ ለቆዳው ቅባት፣ ለክትትል ቀጠሮ። ሲስተር ሰልማ «እንቅልፉን ይመልከቱ፤ እንቅልፍ ካነሰው፣ ወሬ ካበዛ፣ ደስታው ከልክ ካለፈ ቶሎ ይምጡ» ብላኛለች።

ደስታው ከልክ ካለፈ። ልኩን ማን ያውቃል? የኔ ደስታ ልክ ኖሮት ያውቃል?

ዛሬ ድስት ስጥድ ይስማው መጣና ማማሰያውን ከእጄ ወሰደ። «ከዛሬ ጀምሮ የምበላውን እኔ ነኝ የምሠራው» አለ። አልተቆጣም። ውጪ ተቀመጥኩ። ሽንኩርቱ ሲያርር ሸተተኝ፣ አልተነሣሁም። ሽሮው ጓጉሎ፣ ጨው በዝቶበት ወጣ። በላው። እኔንም አበላኝ። ውኃ ስጠጣ አመሸሁ።


ሚያዝያ 14

ፋሲካ አለፈ። ዛሬ አምበር ደርሼ መጣሁ። ብቻዬን። በስልክ የሚነገር አይደለም።

አያ ገዳሙ በረንዳ ላይ ነበሩ። «ይግቡ» አሉኝ እንጂ አልተነሡም። ቆሜ ነገርኳቸው። ራሱን ሊያጠፋ አልሞከረም፤ ጨው የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ የከለከልኩትም እርስዎ እጁን እንዲጨብጡት ብዬ ነው አልኳቸው። ይኼን የመጨረሻውን ልል አላሰብኩም ነበር። አመለጠኝ።

 ከውስጥ የኔአለም ሕፃኗን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምንም ሳትነግሪው? በጓዳ?» አሉ።

«በጓዳ።»

«ከዚያም ሐኪም ሲጠይቅሽ ደበቅሽ?»

«አንድ ቀን። ከዚያ ተናገርኩ።»

«ታዲያ የታመመው እሱ ነው አንቺ?»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አልሳቁም። የኔአለም ግን ወጥታ ሕፃኗን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። «አባዬ» አለች፣ «እኔ ወደ ባሌ ቤት ነው የምመለሰው። ክርስትናውን ይስማው መጥቶ ያስነሣል።»  አያ ገዳሙ እሺም እንቢም አላሉ።


ሚያዝያ 20፣ ሰኞ

ሕሊና ተባለች። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም። ይስማው ታቀፋት። እጁ ላይ ቅርፊቱ አለ፤ ቅባቱ ሥራውን ገና እየጀመረ ነው። ሰው ሁሉ እጁን እያየ ነበር። እኔ ግን ፊቱን ነበር የማየው። እንቅልፍ አጥቶ ይሆን? ዓይኑ በዝቶ ያበራ ይሆን? አባት ልጁን ሲታቀፍ ዓይኑ ምን ያህል ነው ማብራት ያለበት?

አያ ገዳሙ በእጅ አልጨበጡትም። ሲለያዩ ግን ግንባሩን ሳሙት። ከምንም ይሻላል። ወይም የሟች ግንባር እንደሚሳመው ነው። አላውቅም። ሁሉን ነገር ሁለት አድርጌ ማየት ጀምሬያለሁ።


ግንቦት 3፣ እሑድ

የኔአለም ቤቷ ገብታለች። ትናንት አያ ገዳሙ ናቸው በግ ጭምር ይዘው ያደረሷት፤ አደሩና ዛሬ ማለዳ ተመለሱ።

ከሰዓት ግቢው ውስጥ በርበሬ እየቀነጠስኩ ሳለ ይስማው በቤቱ ውስጥ ሳቀ። ከት ብሎ። ቆመ ስል ደግሞ ጀመረ። እንዲህ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው፣ በጨሞጋ ጊዜ።  በርበሬውን ጥዬ ተነሣሁ፤ ሳላስበው በራቸው ላይ ጆሮዬን አድርጌ ቆሜያለሁ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛ? መብራቱ እስከ መቼ በርቶ ነበር? ጠዋት ብዙ አወራ? አወራ እንዴ? ከኔ የበለጠ?

በሩ ተከፈተ። የኔአለም ናት፣ ሕፃኗን አዝላ። ቆሜ ስታየኝ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ገባት።

«ደህና ነው እታለም» አለች ዝቅ ብላ። «ቀልድ ነግሬው ነው።»

«ምን ዓይነት ቀልድ?»

«እንዲያው...»

«ንገሪኝ።»

«አባዬ ትናንት በጉን ሲነዱ ፍተሻ ላይ አስቁመዋቸው ‹መታወቂያ!› አሏቸው። ‹የኔን ነው የበጉን?› አሉ። ፈታሹ ተናዶ ‹የሁለታችሁንም!› ሲላቸው፣ ‹የኔ ይኸው፤ የበጉ ጊዜው አልፎበታል፤ ሰሞኑን ስለሚታረድ ማሳደስ አላስፈለገም› አሉት።»

መዘንኩት። በርበሬ እንደምመዝነው አድርጌ መዘንኩት። ያስቃል። ግን ያን ያህል ያስቃል? አንዴ ከት ለሚያደርግ ያስቃል፤ ሁለተኛውስ? ሁለተኛው ከየት መጣ? ይኼን እያሰላሁ ሳለ አያ ገዳሙ ከበጉ ጋር ተሰልፈው ታዩኝና ከሆዴ አንድ ነገር ፈነዳ። ሳቅሁ። ግድግዳውን ይዤ ሳቅሁ። ላቆም ብዬ አልቆም አለኝ፤ እንባዬ ወረደ፣ ጎኔን ወጋኝ፣ ሕፃኗ ደንግጣ አለቀሰች፣ ጥሩነሽ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አለች።

የኔአለም ልጇን እያባበለች ዝም ብላ ትመለከተኛለች። እኔ ይስማውን በማይበት ዓይን ነው የምታየኝ።